መርዶ እስኪነጋ

አልታየሽ ልጇን በክንዱ ጎትታ መታጠቢያ ቤት አስገባችው፣ በሩን ቆለፈች፣ ቧንቧውንም እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጊዲዮን የጥርስ ብሩሹ ገና አፉ ውስጥ ነበር።

"ጋሽ ሳዶቅ አረፉ" አለችው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። "ትናንት ማታ። ልባቸው ነው አሉ።"

"ዋት? የጸዳለ አባት?"

"ቀስ በል! ሳሎን ናት።" በመዳፏ አፉን ከደነችው፤ የጥርስ ሳሙናው በጣቶቿ መሀል ወጣ። "ነገ በማለዳ ነው የምንነግራት። ቄሱም ይመጣሉ፣ የዕድሩ ሰዎችም ይመጣሉ። እስከዚያ አንተ ይዘሃት ዋል። ቢግ ቤኑንም ወንዙንም አሳያት። ደክሟት ገብታ ድብን ብላ እንድትተኛ ነው የምፈልገው።"

"ቀብሩስ መቼ ነው?"

"ነገ ከሰዓት። ታላቅ ወንድሟ ከጋምቤላ እስኪደርስ ነው የሚቆዩት።"

ጊዲዮን ብሩሹን ከአፉ አወጣ። "ማም፣ ዛሬ ማታ እኮ ፍላይት አለ። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ትገባለች። አሁን ብንነግራት ሺ ካን ሜክ ኢት።"

"አውሮፕላን ላይ? ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር?" አልታየሽ ከልቧ ተቆጣች። "ምን ዓይነት ጭካኔ ነው እሱ! መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ተሰብስቦ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ነው። መንገድ ላይ እንደ ውሻ አይነገርም።" ቧንቧውን ዘጋች፤ እንደገና ከፈተችው። "ፎቶ ደግሞ የትም እንዳትለጥፍ። አባቷ ሞቶ እዚህ ስትስቅ የሚያያት ሰው ምን ይላል?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በዚያ ጠዋት ከኤድመንተን እስከ ብሪክስተን ያለ የሚያውቃቸው አበሻ ሁሉ ሰምቷል። ለነገ ወንበር የሚያመጣው፣ ውሃ በካርቶን የሚገዛው፣ ጸዳለ ስትወድቅ ከግራና ከቀኝ የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶች ሳይቀሩ ተመድበዋል። ያልሰማችው ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን የምትቀባው ጸዳለ ብቻ ናት።

ጸዳለ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በቡዳፔስት በነጻ ትምህርት ዕድል የሕብረተሰብ ጤና ትማራለች፤ ለንደን ላለው አጎቷ፣ ለጊዲዮን አባት ለዘውዴ፣ ፊቷን ልታሳይ፣ ለራሷም ከተማውን ልታይ ለአንድ ሳምንት መጣች። እስከ ትናንት ያየችው ግን የዘመድ ሶፋ ብቻ ነበር። እናቷ የሞተችው በልጅነቷ ነው። ያሳደጋት፣ ጸጉሯን እንደ ነገሩ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሳሪስ የመኪና ባትሪ እያደሰ ያስተማራት አባቷ ነው። ጊዲዮን ይህንን አጎቱን የሚያውቀው በቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ሽማግሌው ስልኩን ጆሮው ላይ ስለሚለጥፈው የሚታየው ሁልጊዜ ጆሮው ነበር።

ሳሎን ውስጥ ዘውዴ እንቁላሉን ሳይነካ ተቀምጧል። አውቶብስ ነጂ ነው፤ ዛሬ ግን ሥራ አልገባም።

"አይንዎ ምን ሆኗል፣ ጋሽ ዘውዴ?" አለችው ጸዳለ ጥፍሯን እፍ እፍ እያለች።

"ሃይ ፊቨር ነው። እዚህ አገር በግንቦት አበባው ሰው ይገድላል።" የኪስ ቦርሳውን አወጣና ለጊዲዮን ብር ቆጥሮ ሳይሆን ጨብጦ ሰጠው። "በጀልባ ውሰዳት። ጥሩ ቦታ አብላት። የጠየቀችህን ሁሉ።"

ደረጃውን ሲወርዱ ጸዳለ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አባትህ ታመሙ እንዴ? ትናንት ለአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ከረጢት አታርጊ ብለውኝ የለ?"

"ደስ ብሏቸው ነው" አለ ጊዲዮን። የመጀመሪያው ውሸት እንዲህ ቀላል ነበር።

*

ዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ጸዳለ ለዚህ ቀን ብላ ከቡዳፔስት ያመጣችውን ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከአንገቷ ሥር በትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ፓስፖርቷን አንጠልጥላለች። ቪዛ ለምኖ ያገኘ ሰው ፓስፖርቱን ከሰውነቱ አይለይም። ጊዲዮን ያቺን ቦርሳ ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ ወንዙ ይመልሳል። ወደ ቤት መመለስ እንኳ አያስፈልጋትም፤ ከቆመችበት ተነስታ መብረር ትችላለች።

"ሆትስፖትህን ክፈትልኝ፣ ጊዲ። አንዷን ለአባዬ ልላክለት።"

የሃንጋሪ ሲሟ እዚህ ኢንተርኔት የለውም፤ የቤቱን ዋይፋይ ደግሞ አልታየሽ 'ተበላሸ' ብላ ነቅላዋለች። ዓለም ወደ ጸዳለ የሚገባው በጊዲዮን ስልክ በኩል ብቻ ነው።

"ባትሪዬ ሎው ነው። በኋላ።"

"እሺ፣ በኋላ። እሱ ራሱ የሚፈልገው ድልድዩን ነው። የሚከፈተውን። ሱቁ ግድግዳ ላይ የለጠፈው አሮጌ ፎቶ አለ፤ 'እውነት ይነሳል ወይስ ሥዕል ነው? አይተሽ ቪዲዮ ላኪልኝ' ብሎኛል። ለእሱ ለንደን ማለት ያ ድልድይ ነው።"

"ዛሬ ከሰዓት ይከፈታል። ቼክ አድርጌያለሁ።"

"እናቴን! እንጠብቀዋለና።"

ጀልባው ላይ ማይክ የያዘው ሰውዬ ወንዙን እየጠቆመ ይቀልዳል። ድሮ የከሃዲዎችን ጭንቅላት እየቆረጡ፣ ሬንጅ ቀብተው፣ ድልድዩ ላይ በእንጨት ሰክተው ያቆሙ እንደነበር ተናገረ። "ዛሬ ግን የቤት ኪራዩን ብቻ ነው የምናሳያቸው፤ ራሳቸው ይሞታሉ" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጸዳለ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጊዲዮን ከስልኩ ላይ ቀና አላለም። የአውሮፕላን ትኬት እያየ ነው። ቦታ አለ። ስምና የፓስፖርት ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ገንዘቡ ካርዱ ላይ አለ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከመሀል ከተማ የተነሳ ግን አይደርስም።

እነግራታለሁ አለ በልቡ። ከጀልባው ስንወርድ።

ከጀልባው ወረዱ። ስትበላ አለ። ዓሣና ድንች ገዝተው ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጸዳለ ከድንቹ ላይ እየጣለች ለርግቦቹ ታካፍላለች።

"ጸዲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ቆይ፣ እኔ ልንገርህ መጀመሪያ። እንዲህ ስቀመጥ ማንን እንዳስታወስከኝ ታውቃለህ? ፊርደውስን። ቡዳፔስት አብራኝ የምትኖር ልጅ ነበረች፣ የደሴ ልጅ። እናቷ የሞቱ ቀን ወንድሟ ለእኔ ደወለ። ፈተና ላይ ስለነበረች 'እንዳትነግሪያት' አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ይዣት ዞርኩ ብልህ ታምናለህ? አይስክሬም፣ ሲኒማ፣ ፍል ውሃ። እንደዚያ ሳምንት ተዝናንታ አታውቅም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፈተናው ሲያልቅ ነገርኳት።" ድንች ወረወረች። "እስከ ዛሬ አታናግረኝም። 'እናቴ አፈር ውስጥ ሆና ከእኔ ጋር አይስክሬም ትልሻለሽ' ብላ ጮኸችብኝ። ግን ተመረቀች አይደል? ብትሄድስ ምን ልታደርግ? ታስነሳቸው?"

ጊዲዮን ያነሳውን ድንች መልሶ አስቀመጠው። "አንቺ ብትሆኚስ? እንዲደብቁሽ ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ?" ጸዳለ ሳቅ አለች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። "እኔማ ሌላ ነኝ። እኔ አባዬን በእጄ አፈር ካላለበስኩ አብዳለሁ። እግዜር አያድርገው እንጂ፣ ያን ቀን የደበቀኝን ሰው ዓይኑን ነው የማወጣው።" ደረቷን አማተበች። "ምን ልትነግረኝ ነበር?"

"ሽንት ቤት ልሂድ ልልሽ ነው።"

ሰው የራሱን ሐዘን ሥርዓት ይለዋል፣ የሌላውን ሐዘን ደግሞ ፈተና እስኪያልቅ ይቆይ ይላል። ጸዳለም ከሰው የተለየች አልነበረችም። ጊዲዮን ግን አሁን የሚሸሽበት ሰበብ አለቀበት፤ ምን እንደምትፈልግ ከራሷ አፍ ሰምቷል።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሞ ለአባቱ ደወለ።

"ዳድ፣ ልነግራት ነው። ቦታ አለ፣ ፓስፖርቷ አንገቷ ላይ ነው፣ ከዚህ ኤርፖርት አደርሳታለሁ። ራሷ ነግራኛለች፣ መቅበር ነው የምትፈልገው።"

ከዘውዴ ኋላ የወንበር መጎተት ድምፅ ይሰማል።

"አርፈህ አስጎብኝ" አለ ዘውዴ።

"ኋይ? ሥርዓት ስለሆነ? ሥርዓቱ እዚያም አለ እኮ! እዚያ ደግሞ እውነተኛው ነው ያለው!"

"እሷ ከሄደች ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ልጅቷ ከአውሮፓ ደረሰች፣ ወንድምየው ቀረ። ሃያ ሦስት ዓመት ያልተያየ ወንድም።"

"አንተም ሂዳ!"

"በምን ፓስፖርት?" የዘውዴ ድምፅ ተሰበረ። "ክረምት ላይ ነው ያለፈበት። ዛሬ አፕላይ አደርጋለሁ፣ ነገ አደርጋለሁ እያልኩ። ለቀብሩ ሰው ምን ልበል? ፎርም መሙላት ሰነፍኩ ልበል?"

"ስለዚህ እሷም አትቅበረው?"

"ነገ አብረን እናለቅሳለን። እኔና እሷ፣ ጎን ለጎን። ሰውም አይቶ ይሄዳል፤ እኩል ነን።" አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። "ስማ ጊዲዮን። ዛሬ ከአፍህ ከወጣች ልጄ ነህ አልልህም። እናትህንም ጠይቅ፣ እንደዚሁ ነው የምትልህ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጊዲዮን በአባቱ ተናደደ፤ ከልቡም አዘነለት፤ ሁለቱ ስሜቶች ተደማምረው ግን አንድ ደፋር ወንድ አልወጣቸውም።

*

ሲመለስ ጸዳለ ታወር ብሪጅ ፊት ለፊት ካለው የብረት አጥር ላይ ተደግፋ ነበር። አትስቅም። የእሱን አመጣጥ ከሩቅ ጀምራ ስታጠናው ቆየች።

"ከማን ጋር ነበር የምታወራው?"

"ከጓደኛዬ ጋር።"

"እናትህ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ነው የደወሉልህ? 'በላች ወይ' እያሉ። በላሁ አልበላሁ ምን አገባቸው? አባትህ ብር ሰጡ። አንተ ሆትስፖት ከለከልከኝ። ጠዋት ወላጆችህ ሲንሾካሾኩ ስገባ ዝም አሉ።" እጅጌውን ያዘችው። "ጊዲ፣ ፊርደውስን እኮ እንዲህ ነው ያዞርኳት። ልክ እንዲህ። ማን ነው የሞተው?"

ይኸው በሩ ተከፈተ። መንገር አልነበረበትም፤ ራሱን ብቻ መነቅነቅ ይበቃው ነበር። ሰዓቱም ገና ነው። ግን ከኋላቸው የቻይና ቱሪስቶች እየተገፋፉ ቦታ ይይዛሉ፣ አንድ ሕፃን ፊኛ ይዞ ያያቸዋል። እዚህ መሀል ቀይ ቀሚስ ለብሳ መሬት ላይ ስትንከባለል ታየችው። እሪታዋ ተሰማው። የአባቱ ዛቻ ተሰማው። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

"ማንም አልሞተም። አር ዩ ማድ?"

"እናቴ ትሙት በል።"

ጊዲዮን ይህንን ቃል በሰፈራቸው በሆሎዌይ መንገድ ላይ ለኳስም ለብስኩትም ሺህ ጊዜ ምሎበታል፤ እናቱ በሰማች ቁጥር በነጠላ ጫማ ስታባርረው አድጓል።

"እናቴ ትሙት" አለ፣ ዓይኗን እያየ።

ጸዳለ እጅጌውን ለቀቀችው። ትከሻዋ ወረደ፤ ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና እየሳቀች አለቀሰች። "ጌታዬ! ጌታ ሆይ ተመስገን! አባዬን ገድዬው ነበር እኮ። ቆሜ እያሰብኩት ነበር፣ አልጋውን ሳይቀር።" ትከሻውን በቦክስ መታችው። "የፊርደውስ ግፍ ነው የሚያሳብደኝ። ስመለስ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ታያለህ።"

ደወል ተደወለ። መኪኖቹ ቆሙ፣ የድልድዩ መሀል ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ክንፎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ተነሱ። ከታች ረጅም ምሰሶ ያላት የሸራ ጀልባ ልክ እንደ ሙሽራ እየተንቀረፈፈች መጣች። ጸዳለ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትጮሃለች፦

"አባዬ! ይኸው ድልድይህ! እውነት ይነሳል፣ ሥዕል አይደለም! አየኸው? እስኪ ይህንን በባትሪ አስነሳው! ክረምት ስመጣ ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ እሺ አባዬ?"

ከጎኗ የቆሙ ሁለት አሮጊት እንግሊዛውያን በደስታዋ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡላት።

"ሆትስፖት!" አለች ወደ ጊዲዮን ዞራ። "አሁን ሰበብ የለህም። ለአንድ ደቂቃ ብቻ።"

ከመሐላው በኋላ መከልከል አልቻለም። ከፈተላት። ቪዲዮው ሄደ፤ አንዲቷ ምልክት ሁለት ሆነች። ሳሪስ ውስጥ፣ ድንኳን በተጣለበት ግቢ፣ የሟቹ ስልክ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ወይም በአንድ ሰው እጅ ላይ ነበር፤ በማን እንደሆነ ጊዲዮን አያውቅም። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ።

"አየው!" ጸዳለ ዘለለች። "አባዬ ኦንላይን ነው! አየው እኮ፣ ወዲያው!"

መልሱን ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ 'እየጻፈ ነው' የሚል ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለ። ጊዲዮን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሆትስፖቱን ዘጋው።

"ሞተ ባትሪው" አላት።

"ግድ የለም። አይቶታል፣ ይበቃኛል። ሲጽፍ እኮ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፣ መነጽሩን ፈልጎ።"

*

ኪንግስ ክሮስ ባቡር ለመቀየር ወረዱ። የሥራ መውጫ ሰዓት እየተቃረበ ስለነበር ዋሻው በሰው ተሞልቷል። ጸዳለ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፣ ተረከዟ ተልጧል።

"ዛሬ እኔ ነኝ የምመራህ። ከተሜ ሆኛለሁ። ሰማያዊውን መስመር ነው የምንከተለው፣ አይደል?"

"አዎ።"

ሰማያዊው መስመር መጨረሻ ላይ ሁለት በር አለ። በስተግራ ያለው ወደ ሆሎዌይ የሚወስደው ነው። በስተቀኝ ያለው ላይ የኤርፖርቱ ስም፣ ሂትሮው፣ ተጽፏል፤ ጸዳለ ከመጣች ጀምሮ በደንብ የምታውቀው የጣቢያ ስም ይህ ብቻ ስለሆነ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ጊዲዮን መሳሳቷን እያወቀ ተከተላት።

ባቡሩ ቆሞ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ጸዳለ ዘው ብላ ገባችና ባዶ መቀመጫ አግኝታ ተቀመጠች፤ የተላጠውን ተረከዟን እያሻሸች አጠገቧ ያለውን መቀመጫ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ና እንጂ፣ ሰው ሳይዝብህ!"

ጊዲዮን በሩ ላይ ቆመ። ከዚህ እስከ ኤርፖርት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የትኬቱ ገጽ ስልኩ ላይ እንደተከፈተ አለ። መናገር እንኳ የለበትም፤ ገብቶ አጠገቧ መቀመጥና ዝም ማለት ብቻ ነው፣ ኤርፖርት ሲደርሱ ቀና ብላ ስታይ ራሷ ትጠይቀዋለች። ዝም ማለት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመደው ውሏል። ጸዳለ ጫማዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፈገግ ብላ ታየዋለች። አንገቷ ላይ ያለችው የጨርቅ ቦርሳ በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ትላለች። እናቱ አሁን ወንበር እየደረደረች ነው፣ አባቱ ለነገ ጥቁር ክራቫቱን እየፈለገ ነው።

የበሩ ደወል ጮኸ።

ጊዲዮን አንድ እግሩን በሩ ውስጥ አስገባ፣ እጁንም ዘረጋላት።

"ነይ ውረጂ፣ ጸዲ" አላት። "የእኛ በዚያኛው በኩል ነው።"

ጸዳለ በራሷ ስህተት እየሳቀች ጫማዋን አቅፋ ተነሳች፤ እጁን ያዘችና ዘላ ወረደች።